በቀለበቱ ጀርባ ያለው ስም

ቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ላይ አንባቢ በችኮላ የሚያልፈው አንድ ነገር ተጽፏል። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ አልነበረም። ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳያበጁ ፍልስጥኤማውያን ሙያውን በእጃቸው ይዘውት ስለነበር፣ እስራኤላዊው ገበሬ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል እየከፈለ ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ ነበር። ከአምስቱ የፍልስጥኤም ከተሞች አንዷ አሽዶድ ናት። የተማረከው ታቦት የገባው እዚያ ወደነበረው የዳጎን ቤት ነው፤ መቅሠፍቱ ሲበረታባቸው ታቦቱን ሲመልሱም አብረው ከላኳቸው የወርቅ ምስሎች አንዱ ስለ አሽዶድ የቀረበ ነበር። የሐዋርያት ሥራ አዛጦን የሚላትም ይህችኑ ከተማ ነው። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ፣ የንግሥት ህንደኬን የግምጃ ቤት ሹም፣ ካጠመቀ በኋላ የተገኘው እዚያ ነው።

የዛሬዋ አሽዶድ በ1956 በሜዲትራኒያን ዳርቻ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፍልስጥኤማውያንን ባህል የሚያሳይ ሙዚየም አላት። ሕዝቧ ግን ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ከኢትዮጵያና ከፈረንሳይ የተሰባሰበ ነው። በ2014 እና በ2015 በየዓመቱ ከ6,000 በላይ አይሁድ ፈረንሳይን ለቀው ወደ እስራኤል ሲገቡ አሽዶድ ብዙዎቹ ከመረጧቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ቁም ሣጥን አይሸከምም፤ የአያቱን ቀለበት ግን በጣቱ አጥልቆ ይወጣል። ስለዚህ በዚች ከተማ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ የተሠራ ቀለበት ያላት ሴትና አባቷ ጎንደር ላይ ወናፍ ሲነፋ ያደገች ሴት ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ።

የድሮ ቀለበት ስናይ ዐይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ድንጋዩ ነው። አልማዝ ነው? ሰንፔር ነው? ስንት ካራት ነው? እኔ ግን ገልብጡት እላለሁ። ድንጋዩን ምድር ሠርታዋለች፤ ቀለበቱን የሠራው ሰው ነው፣ ያም ሰው በብዙ አገር ተረስቷል። ፈረንሳይ እንዳይረሳ አድርጋለች። ያን ያደረገችው በግብር ሕግ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቀኛል።

በኖቬምበር 1797 በአብዮቱ ዘመን የወጣው ሕግ እያንዳንዱ የወርቅና የብር ሠሪ የራሱ ማኅተም እንዲኖረውና በሥራው ላይ እንዲመታው አዘዘ። የማኅተሙ ቅርጽ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ነው። በውስጡ የሠሪው ስም የመጀመሪያ ፊደላትና እሱን ከሌላው የሚለይ አንድ ትንሽ ምልክት ይቀረጻል፤ ኮከብ፣ ቁልፍ፣ ወፍ፣ መልሕቅ፣ የፈለገው። ማኅተሙ በመንግሥት መዝገብ ይገባል። ከዚያ ዕቃው ወደ መፈተኛው ቢሮ ይሄዳል። መርማሪው ወርቁን በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈተግ አድርጎ፣ አሲድ ጠብ አድርጎ፣ ቀለሙን ከሚታወቅ ወርቅ ጋር ያስተያያል። ከሺህ ክፍል 750ው ንጹሕ ወርቅ ከሆነ፣ ማለትም 18 ካራት ከሆነ፣ የንስር ራስ ይመታበታል። ማኅተሙ ሲመታ ዕቃው የሚያርፍበት ትንሽ መስፍ እንኳ ባዶ አልነበረም። የነፍሳት ምስል ተቀርጾበት ስለነበር አንዱ ምት ከላይ ንስሩን፣ ከታች የጥንዚዛ ወይም የሌላ ነፍሳት ጭረት ያትማል። ማኅተም አስመስሎ የሚቀርጽ ቀጣፊ ሁለቱን አንድ ላይ ማስመሰል ይቸግረዋል።

የንስሩ ራስ ሥራ ላይ የዋለው በ1838 ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ስለዚህ ንስር ያለበት ቀለበት ሁሉ ጥንታዊ አይደለም፤ ትናንት ፓሪስ ላይ የተሠራም ንስር ሊኖረው ይችላል። ጉጉት ካለበት ከ1893 ወዲህ ከውጭ የገባ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ወርቅ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ መሸጡን እንጂ እዚያ መሠራቱን አይመሰክርም። የውሻ ራስ ካለበት ፕላቲኒየም ነው፤ ይህ ማኅተም የመጣው በ1912 ስለሆነ ቀለበቱ ከዚያ በፊት ማኅተሙን ሊይዝ አይችልም። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ከሩዝ ፍሬ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ቀለበቱን በውስጥ በኩል ብቻ ፈልጎ ምንም የለም ብሎ ይተወዋል። በፈረንሳይ ቀለበት ላይ ግን ንስሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከውጭ፣ ከድንጋዩ በተቃራኒ ባለው የክቡ ጀርባ ላይ ነው።

በጫፉ የቆመው አራት ማዕዘን ለእኔ ከንስሩ ይበልጣል። ንስሩ ስለ ብረቱ ይናገራል፤ አራት ማዕዘኑ ስለ ሰውየው። የካርቲየርን ነገር እንውሰድ። ሉዊ ፍራንሷ ካርቲየር በ1847 የመሠረተው ቤት በ1899 ፓሪስ ሩ ደ ላ ፔ ወደተባለው ጎዳና ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ ባለው ሃያ ዓመት ያህል ጊዜም ዓለምን ያስቀኑ የፕላቲኒየም ጌጦችን ሸጠ። ከነዚያ ጌጦች ብዙዎቹን በእጁ ያወጣው ግን ሄንሪ ፒክ የተባለ አንጥረኛ ወርክሾፕ ነው። በሣጥኑ ክዳን ላይ የታተመው የካርቲየር ስም ነው፤ ማኅተሙን የሚያነብ ብቻ ፒክን ያገኘዋል። ታላቁ ሬኔ ላሊክ ራሱ በወጣትነቱ ለካርቲየርና ለቡሽሮን ንድፍ ይሸጥ ነበር፤ ስሙ ግን ጌጦቹ ላይ አይጻፍም ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚነካኝ የሱዛን ቤልፔሮን ታሪክ ነው። በ1900 የተወለደችው ይህች ሴት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት ታላላቅ የጌጥ ንድፍ አውጪዎች አንዷ ናት፤ ሥራዋ ላይ ግን ፈርማ አታውቅም፣ አሠራሬ ፊርማዬ ነው ባይ ነበረች። በ1932 በርናር ኸርዝ ከተባለ አይሁዳዊ የዕንቁ ነጋዴ ጋር መሥራት ጀመረች። ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ የአይሁድ ንግድ ሁሉ እንዲወረስ ስለታዘዘ ሱቁን በራሷ ስም አስመዝግባ አቆየችው። ኸርዝ ተይዞ በ1943 ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ከጦርነቱ በኋላ ልጁ ከምርኮ ሲመለስ ሱዛን የአባቱን ድርሻ መልሳለት ንግዱን እኩል ይዘው ቀጠሉ። ፊርማ የሌላቸው ቀለበቶቿ ዛሬ እንዴት ይለያሉ? አንዱ መንገድ ያው ትንሹ አራት ማዕዘን ነው፤ የእሷን ሥራ ይሠራ የነበረው ግሮኔ ኤ ዳርድ የተባለው ወርክሾፕ ማኅተሙን መትቶበታልና። አሽዶድ ውስጥ የፈረንሳይ ቀለበት የወረሰ ቤተሰብ በዚያ ዘመን ምን እንዳለፈ ለማሰብ ይህን ታሪክ ማወቅ ይበቃል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ማኅተሙ በመፋቅ ብዛት ሲጠፋ የቀለበቱ አካል ራሱ ይመሰክራልና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልማዝ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ድንጋዩ የሚቀመጥበት ክፍል ከብር ይሠራ ነበር፤ ቢጫ ወርቅ ቀለሙን ያጋባበታል ብለው ይሰጉ ነበርና። ብር ግን ቆዳን ያጠቁራል። ስለዚህ ከላይ ብር፣ ከሥር ወርቅ አድርገው ሁለቱን አጣበቁ። እንዲህ ያለ ድርብ ቀለበት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ1900 በፊት ባለው ዓለም ውስጥ ናችሁ። ከዚያ ፕላቲኒየም መጣ። ነጭ ነው፣ አይጠቁርም፣ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ክር በቀጠነ ሽቦ እንኳ ድንጋይ ይይዛል። አንጥረኛው ግን አዲስ ምድጃ አስፈለገው፤ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሲቀልጥ ፕላቲኒየም 1,768 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ለዚህም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ነበልባል ያስፈልጋል። የሉዊ ካርቲየር ንድፍ አውጪዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ጌጦች የአበባ ጉንጉን፣ ጥብጣብና ቅጠል ወሰዱ፤ ሠሪዎቹም በፕላቲኒየም ላይ እንደ ጥልፍ አወጡት። ጠርዙ ላይ በዐይን የማይታዩ የሚመስሉ ነጠብጣቦችን በትንሽ መንኰራኵር ይደረድራሉ። የዚህ ዘመን ቀለበት ከጀርባው ሲታይ ከድንጋዮቹ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች በእጅ መጋዝ የተቆረጡ፣ ወርድና ቁመታቸው የተመጠነ፣ ውስጣቸው ሳይቀር የጠራ ነው፤ ውስጡን የሚያጠሩት በቀዳዳው ክር አሳልፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሳቡ ነው። ይህን ሥራ በፓሪስ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ፤ የእነሱ ማኅተም ግን የለም። በቅርቡ በቅርጽ ማፍሰሻ የወጣ አስመሳይ ቀለበት እዚያ ቦታ ላይ ሻካራና ድፍን ሆኖ ይጋለጣል። ማንም አያየውም ተብሎ የታሰበውን ቦታ የደከሙበት ሰዎች ዋጋቸው የሚታወቀው እዚያው ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፕላቲኒየም ለፈንጂ የሚሆን አሲድ ለማምረት ስለተፈለገ ለጌጥ መገኘቱ ጠበበ። ነጭ ወርቅ በሰፊው የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። በ1925 ፓሪስ ላይ የተካሄደው የጌጥ ጥበባት ዐውደ ርእይ ስሙን አር ዴኮ ለተባለው ስልት ሰጠ። ጉንጉኑ ቀርቶ ቀጥ ያለ መስመር፣ ደረጃ፣ ስምንት ማዕዘን መጣ፤ የቱታንካሙን መቃብር በ1922 መከፈቱ ደግሞ የግብፅን ቅርጾች አነገሠ። የጎን ድንጋዮች ለቦታቸው ተለክተው አንዱ ከሌላው ጋር እየተገጣጠሙ ተቆረጡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በእውነተኛ የ1920ዎቹ የፓሪስ ቀለበት ላይ፣ በእውነተኛ አልማዝ ዙሪያ፣ ሰው ሠራሽ ሩቢ ሊገኝ ይችላል። ኦጉስት ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1902 ይፋ ባደረገው ዘዴ የአሉሚና ዱቄት በነበልባል ውስጥ እየወረደ ይቀልጥና ከሥር ሆኖ በሚጠብቀው ዘንግ ላይ እያደገ ሩቢ ይሆናል። ኬሚካላዊ ይዘቱ ከበርማው ሩቢ አይለይም፤ በማጉያ ሲታይ ግን የእድገት መስመሮቹ ቅስት ናቸው፣ የተፈጥሮው ቀጥ ያሉ ናቸው። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሠሪዎች ለጎን ድንጋይ የመረጡት ቀለሙ ወጥ ስለሆነና እንደፈለጉ ስለሚቆረጥ ነው። ስለዚህ ቅስት መስመር ያየ ሰው አያቴን አታለሏት ብሎ አይቸኩል።

አልማዙስ? ማርሴል ቶልኮቭስኪ፣ ከአንትወርፕ የአይሁድ አልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የወጣ መሐንዲስ፣ የብርሃንን መንገድ አስልቶ የዛሬውን ክብ አቆራረጥ መለኪያ ያሳተመው በ1919 ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠ አልማዝ ከላይ ከፍ ይላል፣ ጠፍጣፋ ፊቱ ጠባብ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ሲያዩትም መካከሉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ይታያል፤ ታችኛው ጫፉ ተቆርጦ የቀረበት ቦታ ነው። በሻማና በጋዝ መብራት ዘመን የተወደደ፣ ቀስ ብሎ ሰፋፊ ነበልባል የሚወረውር ድንጋይ ነው። እስራኤል ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአልማዝ አገር ስለሆነች፣ ከአሽዶድ ወደ ራማት ጋን ወስዶ አሮጌውን አልማዝ በዘመናዊ አቆራረጥ ማስቆረጥ ቀላል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ከክብደቱ ብዙ ይጠፋል፣ የማይመለስ የሰው እጅ ሥራም አብሮ ይጠፋል።

ከድንጋዮቹ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ኦፓል ነው። ላሊክ በ1900ው የፓሪስ ዐውደ ርእይ ዓለምን ያስደነቀው በአልማዝ ብዛት አልነበረም፤ በቀንድ፣ በመስታወት፣ በኢናሜልና በኦፓል ነበር። የዚያ ዘመን ኦፓል የሚመጣው ከአውስትራሊያና ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር ካሉ ማዕድናት ነው። የወሎው ኦፓል፣ ከደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው፣ በዓለም ገበያ የታወቀው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተገኘው የመንዝ ኦፓልም ቢሆን ከ1990ዎቹ አያልፍም። የወሎው ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ እየደበዘዘ መስታወት መስሎ ይቀርና ሲደርቅ ይመለሳል። እንግዲህ በ1905 ነው የተሠራው በተባለ ቀለበት ላይ ያለ ኦፓል ውኃ ከጠጣ፣ ድንጋዩ በኋላ ተተክቶ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ነው። ቀለበቱ አሮጌ፣ ድንጋዩ ግን የደላንታ ልጅ ሊሆን ይችላል። የዚህ ማዕድን ቆፋሪዎች በገደል አፋፍ ላይ ነፍሳቸውን አስይዘው የሚሠሩ ገበሬዎች ናቸው፤ የእነሱንም ስም የሚይዝ ማኅተም የለም።

በዚያው ዘመን በኢየሩሳሌም ምን ይሠራ ነበር? ቦሪስ ሻትስ በ1906 የቤጻልኤልን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተ። ስሙ የማደሪያውን ድንኳን ዕቃ ከሠራው አንጥረኛ የተወሰደ ነው። ከአውሮፓ በመጡ መምህራን ንድፍ፣ ከየመን በመጡ አይሁድ ብር ሠሪዎች እጅ፣ የቀጠነ የብር ሽቦ እየተጠማዘዘ ቀለበትና ሌላ ጌጥ ይሠራበት ነበር። ፓሪስ በፕላቲኒየም የምትሠራውን የጥልፍ ሥራ የመኖቹ በብር ከትውልድ ትውልድ ሲሠሩት ኖረዋል።

ወደ ጎንደር ስንሻገር ደግሞ ከሳሙኤል መጽሐፍ ጋር የሚመሳሰል ነገር እናገኛለን። በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን የቤተ እስራኤል ሰዎች ርስት ስላልነበራቸው ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ፣ ወንዶቹ ሽመናና ቀጥቃጭነት። ክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻው ሲደንዝ ወደ እነሱ ይመጣል፤ ያለ እነሱ አያርስም። የጎንደር ነገሥታትም ለግንብ ሥራቸውና ለጦር መሣሪያቸው እነሱን ይጠሩ ነበር። ፍልስጥኤማዊው ግን በሙያው ጌታ ሲሆን የእኛው ሠሪ በሙያው ተናቀ። ጠይብ ተባለ፤ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ማረሻውን ይወዱለታል፣ ዐይኑን ይፈሩታል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን በ1908 መጀመሪያ፣ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አወጡ፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መሳደብ ተከለከለ። ቀኑን ልብ ይሏል። ፓሪስ ውስጥ ሄንሪ ፒክ ፊደላቱን በፕላቲኒየም ላይ የሚመታበት ዘመን ነው። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነበር፤ ስድቡ ግን አልጠፋም፣ የሠሪውም ስም በዕቃው ላይ አልተጻፈም። ያ ሁሉ ማረሻ፣ ያ ሁሉ ብር ያለ ስም ቀረ። በ1984 እና በ1991 በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከገቡት ሰዎች መካከል የዚህ ሙያ የመጨረሻ ባለቤቶች ነበሩ፤ ወናፋቸውን ትተው ወጡ። በአዲሱ አገር ፋብሪካ የገባ ብዙ ነው፤ በሙያው የቀጠለ ጥቂት ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ የብር ቀለበት ግን ፈጽሞ ዝም አይልም። አንጥረኞቻችን፣ ክርስቲያን ይሁኑ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ ለረጅም ጊዜ የብር ምንጫቸው ጠገራ ብር ነበር፤ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ 28 ግራም የሚመዝን ሳንቲም። ከሺህ ክፍል 833ው ንጹሕ ብር ነው። አሽዶድም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ ጌጥ ቤት ብረት የሚመረምር የኤክስሬይ መሣሪያ ካለው ቀለበቱን ሳይጎዳ ይለካዋል። ውጤቱ 925 ከሆነ ለዘመኑ ገበያ የተዘጋጀ ብር ነው፤ 833 አካባቢ ከሆነ አንድ ሰው ጠገራ ብር አቅልጦ የሠራው ሊሆን ይችላል። የፈረንሳዩን ደግሞ ለማስፋት ወይም ለማጥበብ ስትወስዱ አንጥረኛው የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ንስሩና አራት ማዕዘኑ ያሉበትን ጀርባውን ነው። አስቀድማችሁ ማኅተሙን አሳዩት፣ ከጎኑ እንዲቆርጥ ንገሩት፣ በአጉሊ መነጽር ፎቶ አንሡት። ለጠገራ ብሩ ቀለበት የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፤ እናት ወይም አያት በሕይወት እያሉ የመንደሩን ስም፣ የሠሪውንና የአባቱን ስም፣ ለማን ሠርግ እንደተሠራ መጻፍ።